በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የማን ልብ ነው?

ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1955 ዴንቨር ሳሉ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲያጋጥማቸው ሰባት ሳምንት ያህል የታከሙት ኦሮራ በነበረው የፊትዝሲመንስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነው። የልብ ሕዋስን የኤሌክትሪክ ምት በኮምፒውተር ያሰላው እንግሊዛዊው ዴኒስ ኖብል ሥራውን ያሳተመው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960 ነበር። ዛሬ የፊትዝሲመንስ ግቢ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ሆኗል፤ የኖብል እኩልታዎችም ከአንድ ሕዋስ አልፈው የአንድን በሽተኛ ሙሉ ልብ በኮምፒውተር እስከ መቅረጽ ደርሰዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የበሽተኛው ልብ በኤም.አር.አይ. ይነሣል። ከምስሉ የልቡ ቅርጽና በጡንቻው ላይ ያለው ጠባሳ ይለያል። ከዚያም ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ወደ ሕዋስ ሲገቡና ሲወጡ የሚፈጥሩት ሞገድ በዚያ ቅርጽ ላይ እንዲጓዝ ይደረጋል። ሞገዱ ጠባሳውን እየዞረ ራሱን የሚያሽከረክርበት ቦታ ከታወቀ፣ ሐኪሙ በደም ሥር በሚያስገባው ቀጭን ቱቦ የትኛውን ነጥብ ማቃጠል እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። የጆንስ ሆፕኪንሷ ናታሊያ ትራያኖቫና ባልደረቦቿ በ2019 ይህን ስልት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የምት መዛባት በሚሠቃዩ 10 በሽተኞች ላይ መሞከራቸውን አሳትመዋል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ሊደገፍም ይገባል።

ነገር ግን የሁሉም ሰው ልብ በአንድ መንገድ አይታመምም። በኢትዮጵያ ወጣቶችን ጭምር የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭን ያጠብባል፤ የግራውን የላይኛ የልብ ክፍል ይለጥጣል፤ ጠባሳም ይተዋል። በሽታው ከሰው ጋር ውቅያኖስ ይሻገራል። ኦሮራ ደርሶ ምቱ የተዛባበት ሰው ልቡ በሌሎች ልቦች ላይ በተፈተነ ሞዴል ሲሰላ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን የመጠየቅ መብት አለው።

ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። አዲሶቹ ደም አቅጣኝ መድኃኒቶች የተፈተኑባቸው ታላላቅ ጥናቶች ቫልቫቸው ክፉኛ የጠበበ የሩማቲክ ሕሙማንን ሳያካትቱ አልፈው ነበር። በ2022 ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማንን ሲመረምር ግን፣ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ እነ ዋርፋሪን የሚገኙበት የቀድሞው የመድኃኒት ዓይነት ያነሰ ሞት አስመዘገበ። ከሌሎች በተገኘ ውጤት መገመት ለእነዚህ ሰዎች የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል።

ሕጉ ይህን ክፍተት አይደፍንም። በግንቦት 2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ (የጤና ክብካቤ ሕጉ አንቀጽ 1557 ማስፈጸሚያ) የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት፣ ዘርን ወይም የትውልድ አገርን በግብዓትነት የሚጠቀሙ የሕክምና ውሳኔ መሣሪያዎችን ለይተው የአድልዎ ስጋትን እንዲቀንሱ ያዝዛል። የልብ ሞዴሉ ግን የማንንም ዘር አይጠይቅም፤ ምስል ብቻ ይቀበላል። ሊኖር የሚችለው አድልዎ ያለው ከግብዓቱ ሳይሆን ከተፈተነባቸው ሰዎች ማንነት ነው። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ከ2024 ጀምሮ የሚከራከሩት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲሆን፣ በዋናነት በፊዚክስ እኩልታ የሚሠራ ሞዴል በዚያ ስያሜ ሥር መውደቁ ራሱ ያከራክራል።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ስያሜውን ትተው አንድ ግዴታ ቢያረቅቁ ይበጃል፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚከፈልበት ማንኛውም የልብ ሞዴል በስንት ሰዎች፣ በየትኛው የልብ ሕመም ዓይነትና በየትኛው ሕዝብ ላይ እንደተፈተነ ለሐኪሙም ለበሽተኛውም ይገለጽ።

ሌላው ጉዳይ ተራ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የልብ ኤም.አር.አይ. ሲነሣ በሽተኛው ደጋግሞ ትንፋሹን እንዲይዝ ይታዘዛል። ትእዛዙ በማይገባው ቋንቋ ከተነገረው ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከደበዘዘ ምስል የሚወጣው ጠባሳም አሳሳች ይሆናል። ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ዛሬም በአንቀጽ 1557 ግዴታ ነው። የማኅበረሰብ ድርጅቶች ሆስፒታሎችን ሊጠይቁ የሚገባው ይህ ግዴታ ከእንግዳ መቀበያው አልፎ እስከ ምስል ማንሻ ክፍሉ መድረስ አለመድረሱን ነው።