ሁሉ ነገር የሚሳካበት ሳይንስ

ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች የሳይንስ ካምፕ ማስታወቂያ ይበዛል። ትምህርት ቤቶች፣ የሥልጠና ማዕከላትና የተደራጁ ወጣቶች ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ ይመዘግባሉ። ወላጅም ልጁ ክረምቱን ስልክ ላይ አፍጥጦ ከሚያሳልፈው ይሻላል ብሎ ይከፍላል። ይህን ምርጫ አልነቅፍም። የምነቅፈው የካምፑን ውሎ ነው፤ ያውም ማስታወቂያው ከሁሉ አስበልጦ የሚያወድሰውን «የተግባር ቀን»።

ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ልጆቹ ነጭ ጋውን ይለብሳሉ። በመጀመሪያ እሳተ ገሞራ ይሠራል፣ ቀጥሎ ስላይም ይቦካል፣ ቀጥሎ ፊኛ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ ይነፋል፤ ከምሳ በኋላ የሃይላንድ ሮኬት ይተኮሳል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ነው። መጠኑን አስተባባሪው አስቀድሞ ለክቶ በኩባያ አስቀምጦታል፤ የልጁ ድርሻ አንዱን ኩባያ ሌላው ላይ መገልበጥ ነው። አረፋው ሲገነፍል ይጮኻሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ጠረጴዛው ይወለወላል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። «ለምን ገነፈለ?» የሚል ልጅ ቢኖር እንኳ ጊዜ የለም። ማታ ፎቶው የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፤ በመጨረሻው ቀን ሰርተፊኬት ይታደላል።

ልጁ እጁን አንቀሳቅሷል። ግን አንድም ነገር ራሱ አልወሰነም፤ ምን ይሆናል ብሎ አልገመተም፣ አልለካም፣ አልተሳሳተም። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲያደርግ የከረመውን፣ የተባለውን መፈጸምን፣ አሁን በቀለምና በአረፋ ደገመው። ካምፑ ከክፍሉ ሊለይ የሚገባው በዚህ ነበር።

እሳተ ገሞራውን እንውሰድ። ጭቃ ወይም ካርቶን በተራራ ቅርጽ ይሠራና ሶዳ ይጨመርበታል፣ ቀይ ቀለም የገባበት አቼቶ ይፈስበታል። የሚገነፍለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አሲድና ሶዳ ሲገናኙ የሚወጣ ጋዝ። እውነተኛው እሳተ ገሞራ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። እዚያ ያለው ቅልጥ ዐለት ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የተጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ በውስጡ ሟሙተው የነበሩ የውኃ ተንና ሌሎች ጋዞች አረፋ እየሆኑ ይገፉታል። ይህን ለማሳየት የሚቀርበው የተናጠ ለስላሳ ጠርሙስ መክፈት ነው እንጂ አቼቶ አይደለም። ልጁ ግን እሳተ ገሞራ ማለት ሁለት ነገር ሲደባለቅ የሚፈላ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተሳሳተ እውቀት ከፍሎ ገዛ ማለት ነው።

ይህ ስሕተት በሌላ አገር ቢሆን ባለፍኩት። የእኛ ልጆች ግን የሚኖሩት በስምጥ ሸለቆ አገር ነው። አፋር ውስጥ ኤርታሌ አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ያሉ ልጆች በሌሊት ከእንቅልፋቸው ነቅተው ከወላጆቻቸው ጋር ደረጃ ወርደዋል። አልጋው ሲወዛወዝ የተሰማው ልጅ ጥያቄ ይዞ ነው ካምፑ የሚመጣው። ካርታ ዘርግቶ ፈንታሌ የት እንደሆነ፣ ከዚያ እስከ ቤቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ለምን እሱ ፎቅ ላይ ያለው ሲደነግጥ ምድር ቤት ያለው ጎረቤት ምንም እንዳልተሰማው መጠየቅ ይቻል ነበር። በዚህ ፈንታ ቀይ አቼቶ ቀረበለት።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። አንድ ካምፕ ላይ ልጆች ውኃ አፍልተው ቴርሞሜትር እንዲነክሩ ተደረገ። ጥሩ ጅምር ነበር። አንዲት የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ «92 ላይ ቆመ፣ አልወጣም አለ» አለች። ውኃው እየተንፈቀፈቀ ነው። አሠልጣኙ መጥቶ አየና «ተበላሽቷል መሰለኝ፤ 100 ብላችሁ ጻፉ» አለ። ልጅቷ 92 ብላ የጻፈችውን በላጲስ አጥፍታ 100 ጻፈች።

ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ውኃውን ከላይ የሚጫነው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ስለሆነ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። 100 የሚሆነው ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ነው። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ለመብሰል ጊዜ ከሚፈጅባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ እናቶቻችን በእጃቸው የሚያውቁት ጉዳይ ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ከተጠረጠረም መፈተኛው ቀላል ነበር፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነክሮ 0 ማሳየቱን ማየት። ያን ቀን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከነበሩት ሁሉ ሳይንስ የሠራችው ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እንድታጠፋው የታዘዘችውም እሷ ናት። በዓይኗ ያየችውን ትታ መጽሐፍ ያለውን እንድትጽፍ ያስተማራት ቀን ለሳይንስ አቀረባት ማለት አልችልም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል።

አዘጋጆቹ የሚሰጡትን መልስ አውቃለሁ፤ በቅንነት የሚሉት ስለሆነም በቁም ነገር መመለስ አለበት። «መጀመሪያ ልጁ ይውደደው፤ ማወቁ ቀስ ብሎ ይመጣል። በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ እንኳ አይቶ የማያውቅ ልጅ አረፋ ቢያይ ምን አለበት?» ይላሉ። ብዙ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው ተቆልፎ አቧራ የጠጣ መሆኑ እውነት ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የትራንስፖርት እንኳ ሳያገኙ ነው የሚሠሩት፤ ድካማቸውን አከብራለሁ። ግን ልጁ የወደደው ምኑን ነው? አረፋውን የወደደ ልጅ በሚቀጥለው ክረምት የሚጠይቀው የበለጠ አረፋ ነው። ካምፑም እሱን ለማስደሰት በየዓመቱ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ እየጨመረ፣ ክፍያውን እያናረ ይሄዳል፤ አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ከበሩ ይመለሳል።

ዕቃው ራሱ ያን ያህል አያስፈልግም። ያንኑ የሃይላንድ ሮኬት ለግማሽ ቀን ለልጆች ስጧቸው። አንዱ ቡድን ሩብ ውኃ፣ ሌላው ግማሽ፣ ሌላው እስከ አፉ ይሙላ። የትኛው ይበልጥ ከፍ እንደሚል አስቀድመው ይገምቱ፣ ግምታቸውን ይጻፉ፣ ይተኩሱ፣ ይከራከሩ። እስከ አፉ የተሞላው ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል፤ የሚገፋው የታመቀ አየር ቦታ አጥቷልና። የዚያ ቡድን ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ይማራሉ፤ ያልተሳካላቸው እነሱ ስለሆኑ።

ወይም አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ሜዳ ላይ ይተከል፤ በክረምቱ ደመና መሀል ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይቀመጥ። በሐምሌ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ጥላው እጅግ የሚያጥረው በ6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ርዝመቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የሚያስደንቀው ደግሞ አቅጣጫው ነው። ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በዚህ ወቅት ፀሐይዋ በእኩለ ቀን ከእኛ በስተ ሰሜን ናትና። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ልጆች ልክ የተጻፈ መምሪያ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ነው ይላል። የእኛ ልጅ መምሪያውን ከመሬቱ ጋር አስተያይቶ፣ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል የሆኑበትን ምክንያት ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ቢደክም ያ ቀን አልባከነም። ጠዋት እንቆቅልሽ ይዞ ማታ ሳይፈታው ወደ ቤቱ ቢሄድም ግድ የለም፤ በማግሥቱ ይመለስበታል።

ወላጆችም ከፎቶው ይልቅ ደብተሩን ይጠይቁ። ልጁ ምን ገምቶ ነበር፣ ምን ለካ፣ የትኛው ቁጥር ከጓደኛው ቁጥር ተለየ? የሁሉም ልጆች ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ከተገኘ፣ ያን ቁጥር ማን እንዳስጻፋቸው አዘጋጁን ፊት ለፊት ይጠይቁት።