«አቦ፣ ኖርማል ነው!»

ሰሞኑን መጋላ ያለ አንድ ወዳጄን ልጠይቅ ሄድኩ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ! «ምን ሆንክ?» ብለው፣ «አቦ፣ ኖርማል ነው! ትኩሳት ቢጤ ነው» አለኝ። መገጣጠሚያውን ሁሉ ይቆረጥመዋል። ደጁ ላይ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል ተገትሯል። ቧንቧው ከደረቀ ሳምንቱ ነው። እሱም ኖርማል ነው።

ይቺ ቃል አንድ ቀን ትጨርሰናለች።

ፈረንጆቹ ቃሉን ያገኙት ከላቲን ነው። «ኖርማ» የእኛ ግንበኞች ስኳድራ የሚሉት የማዕዘን መለኪያ ነው። ኖርማል ማለት እንግዲህ በስኳድራ ተለክቶ ልክ የሆነ ማለት ነበር። በኋላ እነሱም «የተለመደ» ለማለት አዋሉት። እኛ አንድ እርምጃ ጨመርንና «ምንም አይደለም» አደረግነው። ግድግዳው ሲጣመም ስኳድራውን የምናጣምም ግንበኞች ሆንን ማለት ነው።

የድሬ ሰው ነገር አያካብድም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም የምወድላት ይህንኑ ነው። ሰውን ቀለል አድርጎ መቀበል ደግ ነው። በሽታን ቀለል አድርጎ መቀበል ግን ምን ይሉታል? በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ ይህን ከተማ አልጋ ላይ ጣለው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው በቀን የምትናከስ፣ በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ትንኝ ናት። ቧንቧው ሲደርቅ በርሜል ይመጣል፤ በርሜሉ ትንኟን፣ ትንኟ ትኩሳቱን። የትኛው ላይ ነው «ኖርማል ነው» ማለት የነበረብን?

ደቻቱስ? አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ዳሩ ላይ መኖር ኖርማል ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ጎርፉ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። ሟቾቹን አልወቅስም፤ ድሃ መኖሪያ አያማርጥም። የምወቅሰው የደረቀውን ወንዝ እያየን ወንዝ መሆኑን ያስረሳንን ልማድ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ወዳጄን ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ፣ «ይሄ ኖርማል አይደለም» አለው። ወዳጄ ደነገጠ። እኔ ግን ቃሉ ትርጉሙን ያልሳተበት ቤት በማግኘቴ ተጽናናሁ።

በርሜሉን ከድነነዋል። አሁን የቀረን ቧንቧው ለምን እንደደረቀ መጠየቅ ነው።