ቀለም እየተሞላ የሚሠራ ፕሪንተር፤ ማደስ ይሻላል ወይስ መለወጥ?

በንግድ ሥራ ላይ ነጋዴውን የሚጎዳው ትልቁ ወጪ ብቻ አይደለም። ትልቁ ወጪ ከሩቅ ስለሚታይ አስቀድሞ ይታሰብበታል፤ ትንሹ ግን በየዕለቱ እየተንጠባጠበ ሲወጣ የሚቈጥረው የለም። ከእነዚህ ካልተቈጠሩ ወጪዎች አንዱ፥ ዛሬ በብዙ ሱቅና ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው፥ ፈሳሽ ቀለም በወረቀት ላይ እየረጨ የሚያትመው ፕሪንተር ነው። በተለይም በፍርድ ቤቶችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አጠገብ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን የዕለት እንጀራቸው በዚህ መኪና ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ነው።

እንደሚታወቀው፥ ከፋብሪካው የሚመጣው ካርትሪጅ ዋጋው ውድ በመሆኑ አብዛኛው ተጠቃሚ ባዶውን እያስሞላ ይሠራበታል። ጽሑፉ መሰንጠቅና መደብዘዝ ሲጀምር ግን ሁለት ዐይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ጣለውና አዲስ ግዛ» ይላል፤ ሌላው «እያጠብህ እየሞላህ እስኪሞት ድረስ ሥራበት» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ያለ ሒሳብ የሚፈርዱ ናቸው።

በመጀመሪያ፥ ካርትሪጅ ማስሞላት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌክስማርክ የተባለው ኩባንያ ባዶ ካርትሪጅ ሞልቶ በሚሸጥ ነጋዴ ላይ ባቀረበው ክስ፥ ኩባንያው ዕቃውን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ በፈጠራ መብቱ ገዢውን ሊያግደው እንደማይችል ፈርዷል። ፍርዱ የዚያ አገር ሕግ ቢሆንም፥ ሥራው በትልልቆቹ ገበያዎችም የታወቀ ንግድ መሆኑን ያስረዳል።

ሁለተኛ፥ ከመፍረድ በፊት የመኪናውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ቀለሙን የሚረጨው ክፍል በጠጋኞች ዘንድ «ሄድ» ይባላል። በብዙዎቹ የኤች ፒ እና የካኖን ትንንሽ መኪናዎች ሄዱ ከካርትሪጁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀለሙም የሚወረወረው በሙቀት ኀይል ነው። ስለዚህ ሄዱ ቢበላሽ ካርትሪጁን ብቻ መለወጥ ይበቃል፤ መኪናውን መጣል ከንቱ ኪሣራ ነው። በኤፕሰን መኪናዎች ግን ሄዱ በመኪናው ውስጥ የተተከለ ስለ ሆነ፥ ጨርሶ ከተደፈነ መለወጫው አንዳንድ ጊዜ ወደ አዲስ መኪና ዋጋ ይጠጋል። «ማደስ ወይስ መለወጥ» የሚለው ጥያቄ በእውነት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ነው። መኪናውን ከሶኬት ወይም ከማከፋፈያ ከማጥፋት ይልቅ በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ይገባል፤ ምክንያቱም ሄዱ ወደ ማረፊያው ተመልሶ የሚከደነው በዚያን ጊዜ ነው። በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ ሄዱ እንደ ተከፈተ ስለሚቀር፥ በተለይ በበጋ ወራት ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ላይ ይደርቃል። እንግዲህ መብራት ሲመለስ መኪናውን አብርቶ በቁልፉ ማጥፋት ትንሽ ድካም፥ ግን ትልቅ ቁጠባ ነው። በሙቀት የሚሠራውም ካርትሪጅ ቀለሙ ጨርሶ ሳያልቅ መሞላት አለበት፤ ቀለሙ ሄዱን የሚያቀዘቅዝ በመሆኑ ባዶውን ማሠራት ያቃጥለዋል። ቀለምንም ከቀለም መደባለቅ አይገባም። በውሃ የሚሟሟው ቀለም ዝናብ ሲነካው ስለሚፈስ፥ ለብዙ ዓመት ለሚቀመጥ ውልና ማመልከቻ የተለየው ጥቁር ቀለም ይመረጣል። ሄዱን አዘውትሮ በመኪናው ማጠብም ጉዳት አለው፤ በየእጥበቱ ብዙ ቀለም ይባክናል፥ የባከነውም የሚጠራቀምበት ስፖንጅ ሲሞላ መኪናው አልሠራም ብሎ ይቆማል። ይህ ሲሆን መኪናው ሞተ ማለት አይደለም፤ ስፖንጁ ተለውጦ ቈጣሪው እንደገና ከተስተካከለ ሥራውን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሒሳብ ነው። ለመኪናው አንድ ትንሽ ደብተር ይመደብለት። የቀለሙ፥ የጥገናውና የተበላሸው ወረቀት ዋጋ በየወሩ ተደምሮ፥ ለደንበኛ በተሰጠው ንጹሕ ገጽ ብዛት ይካፈል። ከ20 ገጽ አንዱ የሚበላሽበት ሰው 500 ሉክ ካለው ደስጣ 25 ሉክ ይጥላል፤ ቀለሙና የደንበኛው ትዕግሥት ሳይቈጠር ማለት ነው። የአንዱ ገጽ ወጪ ከወር ወደ ወር እየጨመረ ከሄደ፥ ወይም የወሩ ሥራ በመኪናው መመሪያ ከተወሰነው መጠን በላይ ከሆነ፥ ያን ጊዜ መለወጥ ብልኅነት ነው። የሚገዛውም ተመሳሳዩ መኪና መሆን የለበትም። ቀለሙ ከጠርሙስ በቀጥታ የሚሞላበትን፥ ኤፕሰን በ2003 ዓ.ም. በኢንዶኔዢያ ለገበያ ያቀረበውንና በኋላ ሌሎቹም ኩባንያዎች የተከተሉትን ዐይነት መግዛት ይሻላል። ጥቁር ጽሑፍ ብቻ የሚያትም ሰው ደግሞ በዱቄት ቀለም የሚሠራውን ሌዘር ቢመርጥ፥ ቀለም ደረቀብኝ ከሚል ሥጋት ይድናል።

በመጨረሻም ለአስመጪዎቻችን አንድ ቃል አለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ዋጋ የመጣ መኪና ስለ አንድ ሄድ ወይም ስለ አንድ ስፖንጅ መጥፋት ሲጣል፥ የሚጎዳው ገዢው ብቻ ሳይሆን አገርም ነው። ስለዚህ መኪናውን የሚያስመጣ ነጋዴ መለዋወጫውንም አብሮ ያስመጣ፤ ገዢውም ከዋጋው አስቀድሞ «መለዋወጫው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በየሱቁ የተለመደ በሆነ ጊዜ፥ መለዋወጫ የሌለውን መኪና በመደርደሪያው ላይ የሚያቆይ ነጋዴ አይኖርም።