ዋንጫው መጣ፣ ባንዲራው አልተሰቀለም

አብራችሁ የምትሠራ ኢንዶኔዥያዊት ካለች ስለ ቶማስ ዋንጫ ጠይቋት፤ ሳታውቀው አትቀርም። በራኬትና በላባ ኳስ የሚጫወቱት ባድሚንተን ለእኛ እንግዳ ነው። ለእነሱ ግን ሩጫ ለእኛ እንደሆነው ነው።

ዋንጫውን ያበረከቱት እንግሊዛዊው ሰር ጆርጅ ቶማስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 በተጠናቀቀው የመጀመሪያው የወንድ ቡድኖች ውድድር ያሸነፈችው ግን ማላያ ነበረች። ኢንዶኔዥያ 14 ጊዜ ወስዳዋለች።

ስለ 14ኛው ልንገራችሁ። ኦክቶበር 2021 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ ላይ ቻይናን 3 ለ 0 ረትተው የ19 ዓመት ጥማታቸውን ቆረጡ። መዝሙራቸው ተዘመረ፤ የተሰቀለው ግን ቀይና ነጩ ባንዲራ ሳይሆን የባድሚንተን ማኅበራቸው ዓርማ ነበር። ለምን? የአገሪቱ የአበረታች መድኃኒት ተቆጣጣሪ ቢሮ በቂ ምርመራ አላደረገም ተብሎ በዓለም አቀፉ ኤጀንሲ፣ በዋዳ፣ አገሪቱ ተቀጥታ ነበር። ጥፋቱ የቢሮ እንጂ የተጫዋቾቹ አልነበረም።

አሠሪ ኢቃማ ሳያሳድስ ቀርቶ ሠራተኛዋ ስትያዝ ያያችሁ፣ ነገሩ አይጠፋችሁም። ዋዳ ደንቡን ማስከበሩ ልክ ነው፤ ካልተቀጣ የማይነቃ ቢሮ ሞልቷል። ነገር ግን ቢሮውን መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ ላቡን ያፈሰሰውን ልጅ ባንዲራ መንሳት ሌላ።

ቅጣቱ በፌብሩዋሪ 2022 ተነሣ። ባንዲራቸውን ይዘው በዚያው ዓመት ባንኮክ ላይ ለፍጻሜ ቀረቡ፤ በሕንድ 3 ለ 0 ተሸነፉ።