ኮቴው ተሰበሰበ፤ ገበያውስ ምን አገኘ?

ለከተሜው ማዘጋጃ ቤት ማለት ካርታና የግንባታ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሮ ነው። ለገጠሩ ሻጭ ግን ማዘጋጃ ቤት ማለት ካርኒ ነው። ከዳሞታ ግርጌ በሬውን እየነዳ ወላይታ ሶዶ የሚደርስ ገበሬ፣ ቅቤዋን ይዛ የምትመጣ እናት፣ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ አዝላ የምትወርድ ልጅ ከከተማ አስተዳደር ጋር የሚገናኙት የካርኒ ጥራዝ በያዘ ሰው በኩል ነው። ቢሮ አይገቡም፤ ማመልከቻ አይጽፉም። ከፍለው ያልፋሉ።

ይህ ክፍያ በየከተማው ኮቴ ይባላል። ስሙ የመጣው ከከብቱ ኮቴ ነው፤ ዛሬ ግን ጎማ ያለው የጭነት መኪናም ኮቴ ይጠየቃል። ኮቴ ለአንድ ሰው ሲታይ ሽርፍራፊ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የሚከራከርበትም የለም። ነጋዴ ስለ ግብር ግምት አቤት ሲል ጋዜጣ ይጽፍለታል፤ ለኮቴ አቤት የሚል ሰው ቢኖር የሚሳቅበት ይመስለኛል።

ነገር ግን ሒሳቡን እስቲ እንየው። ለስሌት ያህል ሁለት መቶ ብር የሚያወጣ ሸክም ይዛ የመጣች ሴት አሥር ብር ብትከፍል፣ ከሽያጭዋ ላይ ከመቶ አምስት ሄደ ማለት ነው። ከትርፏ አይደለም፤ ከሽያጭዋ። ባይሸጥላትስ? ኮቴ የሚከፈለው ለመግባት እንጂ ለመሸጥ ስላልሆነ ሸክሟን ይዛ ብትመለስም ያው ነው። ስልሳ ሺህ ብር የሚያወጣ ሰንጋ የያዘ ሰው የሷን አምስት እጥፍ፣ ማለትም ሃምሳ ብር ቢከፍል እንኳ፣ ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ ቀርቶ የአንድ እጅ ሩብም አይሞላም። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ በቁርጥ የሚከፈል ክፍያ ግን የትም ቦታ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የሚከብደው በትንሹ ላይ ነው።

ወላይታ ሶዶ ከገበያ የተለየ ሕይወት የላትም። ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የወላይታ ሥጋና ቅቤ ስማቸው አዲስ አበባ ድረስ የተጠራ ነው፤ ቁርጥ ከዳጣ በርበሬ ጋር የቀመሰ አንባቢ ምስክር አያሻውም። መስከረም ላይ የጊፋታ በዓል ሲደርስ ደግሞ፣ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ በቡድን ያጠራቀሙት የሰንጋ ገንዘብ፣ ሴቶቹም ያቆሩት ቅቤ በአንድ ሰሞን ይፈታል። ከብት ተራው የሚጨናነቀው፣ ኮቴም በብዛት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትና ተቋማቱ በተለያዩ ከተሞች ሲከፋፈሉ የአስተዳደሩ መቀመጫ ለሶዶ ደረሳት። ቢሮ፣ እንግዳና ስብሰባ በዛ። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማትም ሶዶን አልዘለላትም። መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መተከሉን የሚጠላ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የመንገዱ ዳር ሲያምር ጭቃው ላይ ቆማ ኮቴ የምትከፍለው ሴትስ? ገበያ የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። የዝናብ መጠለያ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ በር ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ተፈትሾ የታመነ ሚዛን፣ ለከብቱ ማውረጃ። ይህ በሌለበት ገበያ የሚሰበሰብ ክፍያ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሆናል፤ እዚህ እንኳን ላሟ ውላለች፣ የታጣው ከኩበቱ የሚደርሳት ነው።

ማዘጋጃ ቤቶች በበኩላቸው የሚሉት አላቸው፤ ሐሰትም አይደለም። ከተማ በፍጥነት ያድጋል፣ ቆሻሻው ይበዛል፣ ገቢው ግን አይከተለውም። የወላይታን የበጀት ችግር ደግሞ አገር ያውቀዋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የዞኑ መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈላቸው መቆየቱ ብዙ የተነገረለት ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ባለሱቁ ዱቤ ይጽፋል፣ ሥጋ ቤቱ ግማሽ ኪሎ መመዘን ይጀምራል፣ ገበሬውም ሰንጋውን ይዞ ይመለሳል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሳይቀንስ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ ኮቴ ነውና አስተዳደር ዓይኑን ቢጥልበት አይደንቅም። የገበያው ሰው የሌላ ቤት ቀዳዳ መድፈኛ እንዳይሆን የሚጠብቀው ማነው ታዲያ?

በሥርዓቱ ቢሆን የከተማው ምክር ቤት ነው። በጀት የሚያጸድቀው፣ ከንቲባውን የሚጠይቀው እርሱ ነው። ሆኖም በአገራችን አጠቃላይ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህም ዓመታት ነጎዱ። አባላቱ ቅን ይሁኑ አይሁኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነጋዴው «ድምፄን እነሳሃለሁ» የሚለው የምክር ቤት አባል ከሌለው ግን የቀረው መከራከሪያ ሒሳብ ብቻ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የፌዴራሉ ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ማጽደቁን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የትንሹን ኮቴ አዋዋል ያላሳየ አስተዳደር ነገ ባለቤቱን «የቤትህን ግብር አምጣ» ሲለው በምን አፉ ያሳምነዋል?

እኔ የምጠይቀው ኮቴ እንዲቀር አይደለም። ያለ ገንዘብ ገበያ አይጠረግም። የምጠይቀው አንድ ሰሌዳ ነው። በገበያው መግቢያ ይቁም፤ በየሳምንቱ ሦስት መስመር ይጻፍበት። በዚህ ሳምንት የተሰበሰበው ይህን ያህል፣ ለገበያው የወጣው ይህን ያህል፣ የቀረው ለዚህ ሥራ። ከዚያም ምክር ቤቱ ከገበያው የሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህሉ ወደ ገበያው እንደሚመለስ በቁጥር ይወስን፤ ግማሽም ይሁን ሲሶ፣ የታወቀ ይሁን። ካርኒ ያልተቆረጠለት ክፍያ እንደማይከፈልም እዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ሰብሳቢውም ቢሆን ይጠቀማል፤ ዛሬ የሚታማበት ነገ በሰሌዳው ይጠራለት ይሆናል።

ለዚህ ጥናትም አማካሪም አያስፈልግም፤ አንድ ጸሐፊና ጥቂት ቀለም ይበቃል። ጽሑፉ በአማርኛም በወላይትኛም ቢሆን ይመረጣል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለእናቶቻቸው ያነቡላቸዋል፤ ቁጥሩን ግን እናቶቹ ራሳቸው ያውቁታል። መጀመሪያውም ከጊፋታ በፊት ያለው ሰሞን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ ከብት ተራው ስለሚሞላ ሰሌዳውን የሚያየው ሰው ይበዛል።