ሰዋስው እያወቅን ለምን አንሰማም?

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ



እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረን እንደምንማር የታወቀ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ ግን እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ብቻ መሆኑ ይቀርና የሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ በር ይሆናል። ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚገባው በዚያ በር ነው። በሩ የጠበበበት ተማሪ በውስጥ ያለውን ቢወደውም አያገኘውም። ስለ ሆነም ይህን ቋንቋ ስለምናጠናበት መንገድ ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ባለፈው ዓመት በሰዋስው ፈተና ከ20 ነጥብ 19 አግኝቼ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያው ሳምንት መምህራችን አንድ ገጽ የማይሞላ ምንባብ ጮክ ብለው አነበቡልንና አምስት ጥያቄ ጠየቁን። እኔ የመለስሁት አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱንም በግምት ነበር። ከክፍል ስንወጣ ምንባቡን ለምኜ ባየሁት ጊዜ ከሁለት ቃል በቀር የማላውቀው አልነበረበትም። ዓይኔ የሚያውቀውን ቃል ጆሮዬ አላወቀውም ማለት ነው። ጓደኞቼን ብጠይቅ የእነርሱም ነገር ከእኔ የተለየ አልነበረም።

ይህ የሆነው በመማሪያ መጽሐፋችን ጥፋት አይደለም። መጽሐፉ በየምዕራፉ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብን፣ ቃላትን፣ ሰዋስውንና መጻፍን ይዟል። የሚደመጠው ምንባብ ግን ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ስለ ሆነ መምህሩ ካላነበቡት አንሰማውም። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው ክፍል ነው። ለዚህ መምህራንን ብቻ መውቀስ አይገባም። «ቲቸር፣ ይህ ፈተና ላይ አይወጣም፤ ይለፈን» የምንለው እኛው ተማሪዎቹ ነን። እውነትም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚነበብ እንጂ የሚደመጥ ጥያቄ የለውም።

«ታዲያ ፈተና ላይ ለማይወጣ ነገር ለምን እንደክማለን?» ለሚሉ ጓደኞቼ የምመልሰው ይህን ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በ2015 ዓ.ም. በተገለጸ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ይሁን እንጂ የሒሳቡም የኬሚስትሪውም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መምህራን አዝነውልን በአማርኛ ሲያስረዱን ለጊዜው ይገባናል፤ ፈተናው ግን አያዝንልንም። ዩኒቨርሲቲ ስንገባም የመምህሩን ንግግር የምንሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግሊዝኛ የሚከብድበት ምክንያት አለው። እኛ በፊደላችን የተጻፈውን እንዳለ እናነባለን፤ በእንግሊዝኛ ግን የሚጻፈውና የሚነገረው ይለያያል። ቢላዋ ማለት የሆነው «ናይፍ» ሲነገር መጀመሪያው ላይ የተጻፈው «ኬ» አይሰማም። መርከብና በግ የሚባሉት ሁለት ቃላት በእንግሊዝኛ ድምፃቸው የተለያየ ሲሆን፣ በእኛ ፊደል ቢጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። «ዲድ ዩ» የሚለውም ፈጠን ተብሎ ሲነገር «ዲጁ» ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የግሡ ነገር ነው። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለ ሆነ ጆሮአችን መጨረሻውን መጠበቅ ለምዷል። በእንግሊዝኛ ግሡ ከባለቤቱ አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ እኛ መጨረሻውን ስንጠባበቅ ዋናው ነገር ያመልጠናል። የውጭ አገር ሰው የገናን በዓልና «ገና አልመጣም» የምንለውን «ገና» በጆሮው ለመለየት እንደሚቸገር እኛም እንዲሁ እንቸገራለን። መድኃኒቱም ለሁላችን አንድ ነው፤ ደጋግሞ መስማት።

ታላላቆቻችን «በእኛ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር» ይሉናል። ይህ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. መምጣት የጀመሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶችም አብዛኞቹ መምህራን ሆነው አገልግለዋል። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ተማሪ ወደደም ጠላም ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲሰማ ይውል ነበር። ያ ዕድል ዛሬ በእጃችን የለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየትምህርት ቤቱ የተተከለው ፕላዝማ ድምፁን በሰፊው አሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን የፕላዝማው መምህር «አልገባኝም» ቢሉት አይመለስም። ድምፅ በጆሮ ማለፉ ብቻውን ማዳመጥን አያስተምርም፤ ቆም ማለትና መመለስ ያስፈልጋል።

ሰፈራችን «አቦ» የሚለውን ስም ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ ዜማው በመንገድ ላይ ይሰማናል። ያን ዜማ የሚያዜሙት ሰዎች እንዴት እንደ ተማሩት ማሰብ ለእኛ ይጠቅማል። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ መምህሩ የሚያሰሙትን እየተቀበለ ያነባል፤ ማታ ማታም መጽሐፍ ሳይዝ የቃል ትምህርት ይማራል። ግሥና አገባብ በስፋት የሚመጡት ቆይተው፣ በቅኔ ቤት ነው። በቁርኣን ቤትም ተማሪው የመምህሩን ድምፅ እየተከተለ ያነባል። አባቶቻችን ጆሮን አስቀድመው ሰዋስውን አስከትለዋል፤ እኛ ግን ሰዋስውን አስቀድመን ጆሮን ረስተነዋል። «ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል ያለ ግድግዳ አይቆምም፤ ግድግዳው የሰማነውና ያነበብነው ቋንቋ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

አንደኛ፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለማዳመጥ ይመደብ። መምህሩ ምንባቡን ሦስት ጊዜ ያንብቡልን፤ መጀመሪያ ጠቅላላ ሐሳቡን እንድንይዝ፣ ሁለተኛ ጥያቄውን እንድንመልስ፣ ሦስተኛ ጽሑፉን በዓይናችን እየተከተልን ስሕተታችንን እንድናይ።

ሁለተኛ፤ የቃል ጽሕፈት እንደ ቀድሞው ይዘውተር። መምህሩ አምስት ዐረፍተ ነገር አንብበው እኛ ብንጽፍ ጆሮውም፣ ሰዋስውም፣ አጻጻፉም በአንድ ጊዜ ይፈተናል። በግሡ ጫፍ ያለችውን «ኤስ» የሰማና ያልሰማ ያን ጊዜ ይለያል።

ሦስተኛ፤ ሰዋስውን ከምንባቡ እንማር። የኃላፊ ጊዜን ሕግ ስንማር ካነበብነው ገጽ ላይ ግሦቹን ፈልገን እናስምርባቸው፤ ጸሐፊው ለምን በዚያ ጊዜ እንደ ተናገረም እንጠያየቅ።

አራተኛ፤ ከክፍል ፈተናው 10 ነጥብ ለማዳመጥ ይሰጥ። ተማሪ ነጥብ ያለበትን እንደሚያጠና ከራሴ አውቃለሁ።

ከትምህርት ቤት ውጭም ሰበብ የለንም። በእጅ ስልካችን የቢቢሲን የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ዝግጅቶች ከነጽሑፋቸው በነጻ ማግኘት ይቻላል፤ አንዳንዶቹ የሚፈጁት 6 ደቂቃ ብቻ ነው። ጽሑፉን ሳያዩ ሁለት ጊዜ ሰምቶ፣ ከዚያ እያዩ መስማት ነው። መጽሐፍ የሚሻም በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት። በክፍል ውስጥም ያልሰማነውን «ይድገሙልን» ለማለት አንፈር፤ ካለ መናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ለወላጆች የምለው አንድ ነገር አለ። ልጃችሁን ለመርዳት የግድ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። እኔ ከኅዳር ወር ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ገጽ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ስደናቀፍ ግን ታውቅብኛለች። «እስቲ እንደገና» ትለኛለች፤ እኔም እመለሳለሁ። በመጨረሻም «ምን ይላል?» ብላ ትጠይቀኛለች። በአማርኛ ልነግራት ካልቻልሁ እኔም እንዳልገባኝ በዚያ አውቃለሁ። ባለፈው ወር መምህራችን ሌላ ምንባብ ሲያነቡልን ከአምስቱ ጥያቄ ሦስቱን መልሻለሁ። ይህ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በግምት የመለስሁት አንድም አልነበረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የሰዋስው ደብተራችንን አንጣለው። ነገር ግን ጆሮአችንንና ምንባባችንን አብረን እናሠራቸው።