መንኰራኩሩን ከመከልከላችን በፊት ደረጃውን እንይ

በውጭው ዓለም ትልልቅ ከተሞች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ክርክር ተነሥቷል። ይኸውም ሰው ብቻውን ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚነዳቸው፣ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ወደ ገበያ አዳራሽ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ቤተ መጻሕፍትና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይግቡ ወይስ በር ላይ ይቅሩ የሚል ክርክር ነው። አንዳንዱ ሁሉም ይግባ ይላል፤ አንዳንዱ ሁሉም ይከልከል ይላል።

ይህን ርእስ ስናነሣ ፈገግ የሚሉ ጓደኞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ፍኖተ ሰላም ላይ ለባጃጅ የሚከፍለው ያጣ ሰው በእግሩ እየሄደ፣ ቡሬ ላይ መብራት በጠፋ ቍጥር ሻማ እየተፈለገ፣ እናንተ ስለ ኤሌክትሪክ ስኩተር ታወራላችሁን?» ሳይሉን አይቀሩም። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ነገሩ ከእኛ በር ከደረሰ ቈይቷል፤ የደረሰው ግን በሌላ መልክ ነው። ስኩተር ነድቶ ወደ አዳራሽ ልግባ የሚል ወጣት በምዕራብ ጎጃም ገና ብዙ ላይሆን ይችላል። በተሽከርካሪ ወንበር መጥቶ ከሦስት ደረጃ ሥር ቆሞ የሚቀር ሰው ግን አለ። ስለዚህ መንኰራኩር ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር በእኛ አገር መጀመር ያለበት ከመንኰራኩሩ ሳይሆን ከደረጃው ነው እንላለን።

የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ሴግዌይ የሚባለው፣ ሰው ቆሞበት ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚሄድ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚቆም ባለ ሁለት መንኰራኩር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ በአሜሪካ ለሕዝብ ታየ። ፈጣሪው ዲን ካመን ይባላል። በጊዜው የከተማ ሰው አካሄድ ከሥሩ ይለወጣል ተብሎ ብዙ ተወራለት። ነገር ግን ሳይወድቅ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበት ጥበብ መጀመሪያ የታሰበው ለገበያ አዳራሽ ዘበኛና ለአገር ጎብኚ አልነበረም። ካመንና ባልደረቦቹ አስቀድመው ይደክሙበት የነበረው አይቦት የተባለ፣ በሁለት መንኰራኩር ተነሥቶ የሚቆምና ደረጃ የሚወጣ የአካል ጉዳተኞች ወንበር ነበር። አይቦት እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ፈቃድ ቢያገኝም ዋጋው እጅግ ውድ፣ ገዢውም ጥቂት ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ2009 ምርቱ ተቋረጠ፤ በአዲስ መልክ የተመለሰው ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። ሴግዌይ ግን በየገበያ አዳራሹና በየአውሮፕላን ማረፊያው ሲሽከረከር ቈይቶ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆመ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እግር ለሌለው ሰው የታሰበው ጥበብ እግር ላለው ሰው መዝናኛ ሆነ፤ ባለቤቱ ግን ወደ ሕንፃው ለመግባት ገና ይጠብቃል።

ይህን ስንል ማንም ያሻውን እየነዳ በየአዳራሹ ይግባ ማለታችን አይደለም። ጉዳቱ የታወቀ ነው። ሴግዌይን የመሰለ መሣሪያ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሰው በእግሩ የሚሄደው ግን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በገበያ ቀን ልጇን አዝላ፣ ቅርጫቷን ይዛ፣ በጠባብ መተላለፊያ የምትሄድ እናት ከኋላዋ በእንዲህ ያለ ፍጥነት የሚመጣባትን ነገር እንዴት ታመልጣለች? የባትሪው እሳትም ሌላ ሥጋት ነው። ሆቨርቦርድ የሚባለው መጫወቻ ባትሪው እየጋለ እሳት ስለሚያስነሣ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ500,000 የሚበልጡ እንዲመለሱ ታዟል። የለንደን ከተማ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2021 የግል የኤሌክትሪክ ስኩተር ወደ ባቡሮቹ፣ ወደ አውቶቡሶቹና ወደ ጣቢያዎቹ እንዳይገባ የከለከለው በባቡር ውስጥ ቃጠሎ ስለደረሰ ነው። ሲንጋፖር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የኤሌክትሪክ ስኩተርን ከእግረኛ መንገድ አግዳለች።

ይሁን እንጂ እነዚህ የከለከሉት ከተሞች እንኳ አንድ ነገር ለይተው አውቀዋል። ለንደንም ሆነ ሲንጋፖር ስኩተሩን ሲያግዱ የአካል ጉዳተኞችን ተሽከርካሪ ወንበር ከክልከላው ውጭ አድርገዋል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት ወር 2011 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ መልካም መለያ አለው። ተሽከርካሪ ወንበር፣ በእጅ የሚገፋም ይሁን በኤሌክትሪክ የሚነዳ፣ እግረኛ በሚገባበት ስፍራ ሁሉ ይገባል። ሴግዌይን የመሰለው ሌላ መሣሪያም የአካል ጉዳተኛ ከተገለገለበት በመሠረቱ ይገባል፤ የሚከለከለው ክብደቱ፣ ስፋቱ፣ ፍጥነቱ፣ የስፍራው ጥበትና የሰዉ ብዛት ተመዝኖ በእርግጥ አደጋ ያለው እንደሆነ ብቻ ነው። ዘበኛውም «እግርህ ምን ሆነ?» ብሎ ሰውን በአደባባይ እንዲመረምር አልተፈቀደለትም። እኛ ከዚህ የምንወስደው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ለጨዋታ የሚነዳ መንኰራኩር ሌላ ነው፤ በእግር ፈንታ የሚያገለግል መንኰራኩር ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ «ተሽከርካሪ መግባት ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ የሰውን እግር በር ላይ አውልቀህ ግባ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲመቻቸው አዝዟል። አዋጁ የወጣው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነውና ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሉበትም የሚል አይኖርም። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። ስለ እኛ ስለ ተማሪዎችም ቢሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተተካው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ተቋማት አቅም በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኛውን ተማሪ ክፍል እስከ መቀየር ድረስ እንዲያመቻቹለት ተናግሮ ነበር። ቃሉ ከተጻፈ እንግዲህ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል።

ሥራውስ? ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ አንባቢ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ባለ ፎቅ ሕንፃዎች ራሱ ይቍጠር። ስንቱ ከመንገዱ ወደ በሩ ያለ ደረጃ ይገባል? የውኃ መውረጃውን ቦይ ተሻግሮ፣ የኮብልስቶኑን ጠርዝ አልፎ፣ እስከ ገንዘብ መክፈያው መስኮት በመንኰራኩር የሚደርስ ሰው ስንት ቦታ ያገኛል? በየትምህርት ቤቱ ግቢስ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲመደብ ምን ይደረጋል? ሁላችንም የምናውቀው መልስ አለ፤ አራት ጓደኞች ይጠራሉ፤ ወንበሩን ከነሰውየው ብድግ ያደርጉታል።

በዚህ የማናፍር መሆናችን መልካም ነው። ጎጃም ታማሚውን በቃሬዛ ተሸክሞ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚያደርስ፣ ጎረቤቱን በትከሻው ተሸክሞ ከመንገድ ዳር የሚያወጣ ሕዝብ ነው። መሸከም ደግነት ነው። ነገር ግን የደግነት ልማድ ባለበት አገር የግንበኛውና የመሐንዲሱ ዕዳ በሸካሚው ትከሻ ላይ ሲጫን ዝም ማለት አይገባም። ለጠበል በቃሬዛ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለግብር፣ ለፈተና ውጤት በየዕለቱ እንደ ዕቃ መነሣት ግን ሌላ ነው። የሚሸከሙት ጓደኞች ባልመጡበት ቀን ትምህርቱ ይቀራል። መጸዳጃ መሄድ ያለበትስ በስንት ሰው ፊት አራት ሰው ይጠራል?

ከዚህም በላይ የኤሌክትሪኩ ዘመን ይህን ችግር ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ለምን ቢባል በእጅ የሚገፋ ወንበር ቀላል ስለሆነ አራት ሰው ያነሣዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ግን ከነባትሪውና ከነሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከ50 ኪሎ ይበልጣል፤ 100 ኪሎ የሚያልፍም አለ፤ የተቀመጠበት ሰው ሳይቈጠር ማለት ነው። ይህን በትከሻ ደረጃ ማውጣት ለተሸካሚውም ለተቀማጩም አደጋ ነው። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ አገር ልኮለት እንዲህ ያለ ወንበር ያገኘ ወጣት በመንገድ ላይ ከሁሉ የበለጠ ነጻ፣ በሕንፃ በር ላይ ግን ከሁሉ የበለጠ እስረኛ ይሆናል። በካናዳ ጆርጅ ክላይን የተባለው መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተረፉ ቁስለኞች የኤሌክትሪክ ወንበር የሠራው ሰው በራሱ ፈቃድ እንዲሄድ ነበር። ከደረጃ ሥር ያበቃ ፈቃድ ግን ግማሽ ፈቃድ ነው።

«ለጥቂት ሰዎች ሲባል ይህ ሁሉ ወጪ?» የሚል አለ። ጥቂት አይደሉም። በጦርነት የቆሰለው፣ በመኪና አደጋ የተጎዳው፣ በልጅነቱ የልጅነት ልምሻ ያገኘው አለ። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ ኖሮ ዝሆኔ ይዞት እግሩ ያበጠ ገበሬ አለ፤ እርሱ ወንበር የለውም፤ ደረጃ መውጣት ግን ሥቃዩ ነው። እርጉዝ ሴት፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አያት፣ የእህል ኩንታል በጋሪ የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ በዚያው መግቢያ ይገለገላሉ። ወጪውም ቢሆን ሕንፃው በወረቀት ላይ ሳለ ትንሽ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ማፍረስ ይጠይቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኛ ዘወትር የምንጮኸው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው።

ሒሳቡም ቀላል ነው። በብዙ አገር የታወቀው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት ነው። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይሆናል፤ ለዚህ 5 ሜትር ከ40 የሚሆን ተዳፋት ይበቃል። ለይስሙላ የሚሠራው፣ እንደ ገደል የቆመው አጭር ተዳፋት ግን ከደረጃው የከፋ ነው፤ ሰውን ወደ ኋላ ይገለብጣልና። ተዳፋት መብራት አይፈልግም፤ ሊፍት በቆመበት ቀንም አይቆምም። መብራት ያነሣን እንደሆነ ደግሞ፣ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ ጉባ ደርሶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ያዞራል። መንግሥትም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን አበረታቷል። ለመኪናው ይህን ያህል ካሰብን፣ የአንድን ሰው ወንበር ባትሪ የሚሞላ አንድ ሶኬት በየቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ማኖር ይከብደናልን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

የተማሪዎች ማኅበራችን ከምህንድስና ተማሪዎች ጋር ሆኖ ሜትር ይዞ ይውጣ። በግቢያችንና በአቅራቢያችን ከተሞች ያሉትን የሕዝብ ሕንፃዎች መግቢያ፣ የበር ስፋት፣ የመጸዳጃ ቤት ሁኔታ ለክቶ ዝርዝሩን በዚሁ ጋዜጣ ያውጣ። መምህራኖቻችን ይህን እንደ መልመጃ ቢቀበሉት ለሁለቱም ወገን ትምህርት ይሆናል።

የትምህርት ክፍሎች ደረጃ መውጣት የማይችል ተማሪ ያለበትን ክፍል ከሰሚስተሩ መጀመሪያ በፊት ምድር ቤት ይመድቡ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ የፕሮግራም ወረቀቱን ማስተካከል ይበቃል።

ማዘጋጃ ቤቶች የግንባታ ፈቃድም ሆነ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲሰጡ ተዳፋቱን በሥዕሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ይዩ።

በየበሩ የሚሰቀለው ሰሌዳም እንዲህ ይበል፤ «በእግር ፈንታ የሚያገለግል መንኰራኩር ይግባ፤ በእግረኛ ፍጥነት ይሂድ። ለመዝናኛ የሚነዳ ከበር ይቁም፤ ባትሪውም በመውጫ መንገድ ላይ አይሞላ።» ዘበኛውም የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት እንጂ ስለ ሰው ገላ አይሁን።

ስኩተሩ ነገ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም በሥርዓት እናስተናግደዋለን። ከእርሱ ቀድሞ መጥቶ በር ላይ የተቀመጠው ወንድማችንና እኅታችን ግን ተራቸው ካለፈ ዘመን የለውም። ሕንፃ የሕዝብ ነው የሚባለው ሕዝቡ ሁሉ የገባበት እንደሆነ ነው። መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የከተማ አስተዳዳሪ ለመሆን የምንማር ሁሉ ነገ የምንፈርመው ሥዕል ላይ እነዚያን አምስት ሜትር ከአርባ እንዳንረሳ ከወዲሁ እናሳስባለን።